ጦቢያ በመጋላ

ከደቻቱ ወንዝ ማዶ፣ በድሬዳዋው መጋላ፣ የቀፊራ ገበያ ሳይደራ ስለ መጻሕፍት ጥቂት እናውጋ። ዓመቱን የፍቅርና የምናብ ልብ ወለድ ሳነብ ከረምኩ። ከሁሉም የደነቀኝ አሮጌው ነው፤ በ1900 ዓ.ም. ሮም የታተመው፣ ብዙዎቻችን «ጦቢያ» የምንለው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥራ። ባለታሪኳ ልጅ ወንድ መስላ አገር ላገር ትዞራለች፤ ኋላ ሴትነቷ ሲታወቅ ንጉሡ በፍቅሯ ይወድቃል። ተረት ነው ብትሉኝ አልከራከርም። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ የሰማ ግን ባለታሪኩን በዛብህን ተረት ነው አይልም፤ የሞተበት ዘመዱ ነው! ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ለፍቅረኞቻቸው አልራሩም፤ አፈወርቅ ድል ባለ ሰርግ ይድራሉ። እኔ ዘንድሮ ወደ ሰርጉ ቤት አድልቻለሁ።