በናይሮቢ ያሳለፍነው የመጨረሻ ቀን
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



አምስት ሆነን በኬንያ ምድር ሃያ ስድስት ቀን ዞረን መመለሳችንን ሰምታችሁ ስላየነው ነገር እንድንናገር ስለ ጋበዛችሁን እናመሰግናለን። ሃያ ስድስቱን ቀን በሙሉ እንተርክ ብንል ግን ሰዓቱም የእናንተም ትዕግሥት አይበቃም። በናንዩኪ ከምድር ወገብ ምልክት አጠገብ ስለ ተነሣነው ፎቶግራፍ፥ ፖርቱጋሎች እ.ኤ.አ. በ1593 በሞምባሳ መሥራት ስለ ጀመሩት ስለ ፎርት ጂሰስ ምሽግም ሌላ ቀን እንናገራለን። ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ መጨረሻው ቀን ብቻ ነው። በትንሽ ገንዘብ ለሚጓዝ ሰው ይህ ቀን ከሌሎቹ ሁሉ የከበደ ሆኖ አግኝተነዋልና።

ከአዲስ አበባ ስንነሣ አንድ ደንብ አውጥተን ነበር። ይኸውም የመመለሻው የአውቶቡስ ዋጋ በመጀመሪያው ቀን ተለይቶ በፖስታ እንዲታሸግ፥ ራብ ቢጠናብን እንኳ እንዳይከፈት ነው። ፖስታውን የያዘው ጓደኛችን ስስታም በመሆኑ (እዚሁ ተቀምጧል፤ ይቅርታ ያድርግልን) ደንቡ ተከብሯል። ደኅና ማረፊያ አጥተን በሰው ቤት ወለል ላይ በተኛንበት ሌሊት እንኳ አልከፈተውም። በመጨረሻው ቀን ጧት ከፖስታው ሌላ በጋራ ከረጢታችን 4,200 የኬንያ ሽልንግ ቀረ።

ጠቡ የተነሣው በዚህ ገንዘብ ነው። ከመካከላችን ሁለቱ ባዶ እጅ ወደ ቤት መግባት ነውር ነውና ለወላጆቻችን ስጦታ ይገዛ አሉ። አንዱ በናይሮቢ መንገድ ዳር ተዘርግተው ከሚሸጡት አሮጌ መጻሕፍት ለማኅበራችን እንግዛ አለ። የቀሩት ሁለቱ ደግሞ በኢስትሊ ሰፈር ያለብን ዕዳ ይቅደም ብለው ተከራከሩ። በዚያ ሰፈር አንዲት ኢትዮጵያዊት ትንሽ ምግብ ቤት አላቸው። ስማቸው እንዳይጠራ ስለ ለመኑን እትዬ ብቻ እንላቸዋለን። ዘጠኝ ቀን ከማዕዳቸው በልተን አንዳንድ ቀን በግማሽ ዋጋ፥ አንዳንድ ቀንም በነጻ አሰናብተውናል።

ክርክሩ ሳያልቅ ወደ ከተማው መካከል ወረድን። በናይሮቢ ኃይለ ሥላሴ አቬኑ የሚባል ጎዳና አለ፤ የአገራችንን ንጉሥ ስም በሰው አገር ታፔላ ላይ ማንበብ እንግዳ ስሜት ይሰጣል። ይህ ጎዳና ከሞይ አቬኑ ጋር በሚገናኝበት ማዕዘን የአሜሪካ ኤምባሲ ነበረ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 7 ቀን 1998 በመኪና የተጫነ ቦምብ ፈንድቶ በናይሮቢ 213 ሰዎች ሞቱ፤ የሚበዙት ኬንያውያን ናቸው። ዛሬ ስፍራው የመታሰቢያ አትክልት ቦታ ሆኖ የሟቾቹ ስም በግድግዳ ላይ ተጽፎ ይገኛል። የመግቢያውን ጥቂት ሽልንግ ከፍለን ገባን። አንዱ ጓደኛችን ስሞቹን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያነብ ጀመር። በዙሪያችን የቢሮ ሠራተኞች ሣሩ ላይ ተቀምጠው ምሳቸውን ይበላሉ። ከዚያ ስንወጣ ስለ ስጦታ የሚያነሣ አልነበረም፤ ለምን እንደ ሆነ እርስ በርሳችንም አልተጠያየቅንም።

ሦስት መጻሕፍት ገዝተን በማታቱ ወደ ኢስትሊ ሄድን። ከመጻሕፍቱ፥ ከመግቢያውና ከማታቱው በኋላ 3,050 ሽልንግ ቀርቶን ነበር። 3,000ውን ለእትዬ አቀረብንላቸው። እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ገንዘቡን ዝም ብለው ተመለከቱት።

«ለመሆኑ ስንት ቀን ሆናችሁ?» አሉን።

«ዛሬ ሃያ ስድስት ቀን ሆነን፤ የመጨረሻችን ነው» አልናቸው።

«እናንተስ ቆጥራችሁታል። እኔ መቁጠሩን ትቼዋለሁ» አሉ።

እትዬ በስደተኛ ወረቀት የሚኖሩ ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው ወደ ሸሸው አገር ተመልሶ ቢገባ ወረቀቱን ሊያጣ ይችላል። ወር ሙሉ ስለ ወለሉ ቅዝቃዜና ስለ ማታቱው ግፊያ ስናማርር የሰሙን እኒህ ሴት ናቸው፤ አንድ ቀን እንኳ ስለ ራሳቸው አልነገሩንም ነበር። ከገንዘቡ 1,000 ሽልንግ አንሥተው፥ «ይኸን የምወስደው በሰው አገር ዕዳ ጥለን መጣን እንዳትሉ ነው» አሉ። 2,000ውን መልሰው፥ «በብር መንዝራችሁ ለእናቴ ስጡልኝ» ብለው በጨርቅ የተጠቀለለ ዕቃ ጨመሩበት። እናታቸው አዲስ አበባ ናቸው።

አውቶቡሱ የሚነሣው ከዚያው ከኢስትሊ ነው፤ ሲመሽ ተሳፈርን። ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ቀድሞ ጠጠርና አቧራ ስለ ነበረ መንገደኛ በጭነት መኪና ላይ ቀናት ይፈጅበት ነበር። ዛሬ አስፋልት ሆኗል፤ እኛም አብዛኛውን በእንቅልፍ አለፍነው። በሞያሌ የሁለቱ መንግሥታት የጋራ ኬላ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ተመርቋል። ኢትዮጵያዊና ኬንያዊ አንዱ ወደ ሌላው አገር ሲገባ ቪዛ አይጠየቅምና ፓስፖርታችን ተመትቶልን ወዲያው ተሻገርን። የእትዬ ጥቅል ፖስታ ያዡ ጓደኛችን ጉልበት ላይ ነበር፤ ለማንም አላስነካም።

አዲስ አበባ በገባን በሦስተኛው ቀን ዕቃውንና ገንዘቡን አደረስን። እናትየው ጥቅሉን ሳይፈቱ ብብታቸው ሥር አድርገው የጠየቁን፥ «ከስታለች ወይስ ወፍራለች?» ብለው ነው። ሁላችንም ባንድነት «ወፍረዋል» አልን፤ ይኸውም እውነት ነው።

ስጦታ ይገዛ ያሉት ሁለቱ ጓደኞቻችን በየቤታቸው እስከ ዛሬ ይታማሉ። ሦስቱ መጻሕፍት በማኅበራችን ክፍል ተቀምጠዋል። አንዱ እ.ኤ.አ. በ1964 የታተመው የንጉጊ ዋ ቲዮንጎ «ዊፕ ኖት፥ ቻይልድ» ነው፤ ሽፋኑ ስለ ተላቀቀ የሚዋሰው ሰው በጥንቃቄ ይያዘው። የቀረችውም 50 ሽልንግ በውስጡ ናት።