በሶፍ ዑመር የጠፋብን ሣቅ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ለዚህ በዓል የሚያስቅ ነገር እንድናቀርብ በታዘዝን ጊዜ፣ እኛ አራት ወንዶች ስለ ሶፍ ዑመር ጉዟችን ጽፈን በሥነ ጽሑፍ ክበብ አነበብን። የሣቀልን ግን አልነበረም። ምክንያቱን ዛሬ በፊታችሁ እንናገራለን።

እንደሚታወቀው ሶፍ ዑመር ከሮቤ በጎሮ በኩል ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ይገኛል። ከባሌ ተራሮች የሚወርደው የወይብ ወንዝ የኖራ ድንጋዩን ሰርስሮ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ዋሻ አበጅቷል። ሼኽ ሶፍ ዑመር በዚያ ተጠልለው ይጸልዩ እንደ ነበር አባቶች ይናገራሉ። የእኛ አሳብ ግን ሌላ ነበር። አራታችንም የወደድነው አንዲት የክፍላችንን ልጅ ስለ ሆነ፣ አንድ የፍቅር ደብዳቤ በጋራ ጽፈን ሰጪውን በዕጣ ለየን።

ከድንጋይ ምሰሶዎቹ አዳራሽ ስንደርስ የእጅ ባትሪው ጠፋ። ባለ ዕጣው ጓደኛችን፣ «እጅሽን ስጪኝ፣ ድንጋዩ ያዳልጣል» ብሎ ደብዳቤውን በአንድ መዳፍ ላይ አኖረ። ባትሪው እንደገና ሲበራ ደብዳቤውን ይዘው የቆሙት የጂኦግራፊ መምህራችን ነበሩ።

ጽሑፋችን የሚያበቃው እዚህ ላይ ነበር። ያችው ልጅ ግን ከመቀመጫዋ ተነሥታ፣ «የቀረውን ለምን ዘለላችሁት?» አለችን።

የቀረው ይህ ነው። ወሬው ከእኛ ቀድሞ ሮቤ ገባ። እኛ የተቀጣነው ግቢ በመጥረግ ነው። እርሷ ግን ስለ ደብዳቤው ምንም ሳታውቅ፣ «ለትምህርት ብንልካት ከወንድ ጋር ትጻጻፋለች» ተብላ ሁለት ሳምንት ከቤት ዋለች። ትምህርቷ ሊቋረጥ ጥቂት ቀርቶት ነበር። አማልደው ያስመለሷት አክስቷ ናቸው እንጂ እኛ አይደለንም። በጨለማ እጅ ለመያዝ የደፈርን ልጆች፣ በቀን ብርሃን የቤታቸውን በር አንኳኩተን «ጥፋቱ የእኛ ነው» ማለት አቃተን።

ስለዚህ ወላጆቻችን ሆይ፣ ያኔ ልንነግራችሁ የሚገባንን ዛሬ እንነግራችኋለን፤ በደብዳቤው ላይ ስሟ እንጂ ፈቃዷ አልነበረበትም። ታናናሾቻችንም ሆይ፣ መውደድ ነውር አይደለም፤ ነውሩ ለራስ ሣቅ ሲሉ የሰውን ልጅ ትምህርት ማስቀረት ነው።

እርሷ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት። ይህንን ንግግር አስቀድማ አንብባ ፈቅዳልናለች፤ ሁለት የፊደል ስሕተትም አርማልናለች።