ያለ ኮምፓስ ወደ ታሂቲ

ዛሬ ስለ አንዲት ታንኳና መንገድ ስለመራት ሰው ላወጋችሁ ነው። ቀኖቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራላችኋለሁ።

ሜይ 1 ቀን 1976 ነው። ከሃዋይ ደሴቶች አንዷ በሆነችው በማዊ፣ ሆኖሉዋ ከሚባል ወሽመጥ፣ ሆኩሌአ የተባለች ታንኳ ሸራዋን ዘርግታ ወጣች። ርዝመቷ 19 ሜትር ያህል ነው። ሁለት ቀፎዎች ጎን ለጎን በአግዳሚ እንጨትና በገመድ ተያይዘዋል፤ ሞተር የላትም። ተሳፋሪዎቹ ውሻ፣ አሳማና ዶሮ ይዘዋል፤ የጥንት አባቶቻቸው አዲስ ደሴት ሊያቀኑ ሲነሱ እንስሶቻቸውን ጭነው ነበርና የሚሄዱት። መድረሻቸው ታሂቲ ነው። ወደ ደቡብ 4,000 ኪሎ ሜትር ያህል፣ የምድር ወገብን ተሻግሮ። ኮምፓስ የለም፣ ካርታ የለም፣ ሰዓት እንኳ የለም። ለደኅንነት ከኋላ የምትከተል አንዲት ጀልባ ነበረች፤ እሷ ያሉበትን ቦታ ብታውቅም ለነሱ አትነግርም።

ይህን ሁሉ ለምን? በዚያ ዘመን አንድ ክርክር ነበር። አንድሩ ሻርፕ የተባለ የኒው ዚላንድ የታሪክ ጸሐፊ በ1956 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሃዋይና ታሂቲ የሚገኙበት የፖሊኔዥያ ሰዎች ያን ያህል የተራራቁ ደሴቶችን አስበውና አቅደው ሊያገኙ አይችሉም፤ ማዕበል እየገፋ፣ ነፋስ እየወሰደ በአጋጣሚ ጣላቸው እንጂ ብሎ ነበር። ከሱ ቀደም ብሎ በ1947 ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል ኮን-ቲኪ በተባለ ከግንዶች በታሰረ መንሳፈፊያ ከፔሩ ተነስቶ፣ በነፋስና በውሃ ተገፍቶ በ101 ቀን ራሮያ ደሴት ደርሷል፤ ፖሊኔዥያውያን ከደቡብ አሜሪካ ነው የመጡት ሲል። እነዚህን ሐሳቦች እንደ ተራ የምሁራን ሙግት ልናያቸው አንችልም። ሃዋያውያን በ1893 ንግሥታቸው ከዙፋን ወርዳለች፤ ከ1896 ጀምሮ ልጆቻቸው በቋንቋቸው እንዳይማሩ ተደርጓል። በዚያ ላይ ደግሞ አባቶቻችሁ ባሕርተኞች አልነበሩም፣ ውሃ የወሰዳቸው ናቸው መባል ከባድ ስድብ ነው። እኔ እንደማምነው፣ የሰውን ልጅ አገሩን ከመንጠቅ ያልተናነሰ በደል፣ አገሩ እንዴት እንደደረሰ የሚናገረውን ታሪክ መንጠቅ ነው።

ደግሞም ማስረጃው ጠፍቶ አልነበረም። ካፒቴን ኩክ በ1769 ታሂቲ ሲደርስ ቱፓያ የሚባል የራያቴአ ተወላጅ ካህን ከመርከቡ ተሳፍሮ አብሮት ሄዷል። ቱፓያ በሺህ የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ላይ የተበተኑ ደሴቶችን ከአእምሮው እያወጣ ለእንግሊዞቹ ካርታ አስነድፏል። ስኳር ድንችም ሌላው ምስክር ነው። የደቡብ አሜሪካ ተክል ነው፤ ሆኖም አውሮፓውያን ወደዚያ ከመምጣታቸው በፊት በፖሊኔዥያ ማሳዎች ይበቅል ነበር። አንድ ሰው ወስዶ ካልተከለው በቀር ውቅያኖሱን በምን ተሻገረ? በ1973 ደግሞ ተመራማሪዎች በኮምፒውተር ሲያሰሉት፣ ዝም ብሎ የሚንሳፈፍ ታንኳ ሃዋይም ሆነ ኒው ዚላንድ ሊደርስ እንደማይችል ታየ። በዚያው ዓመት አንትሮፖሎጂስቱ ቤን ፊኒና ሠዓሊው ሄርብ ካኔ ከሌላ ባልደረባቸው ጋር ነገሩን በጉዞ ለመፈተን ማኅበር አቋቋሙ፤ በ1975 ሆኩሌአ ውሃ ላይ ወረደች። የተሠራችው ከዘመኑ ቁስ ነው፤ ቅርጿ ግን የጥንቱ ነው።

ታንኳዋ ተገኘች። የሚመራት ሰው ግን ሃዋይ ውስጥ አልነበረም። ጥበቡን የያዙት ካለፉ ዘመናት ተቆጥረዋል።

ያገኙት ከማይክሮኔዥያ ነው፤ ሳታዋል ከምትባል፣ ስፋቷ ከአንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ብዙም ከማትበልጥ ደሴት። ስሙ ማው ፒያሉግ ይባላል፤ የተወለደው በ1932 ነው። ገና ሕፃን ሳለ አያቱ ለዚህ ሙያ መረጡት። የባሕሩን እንቅስቃሴ በገላው እንዲለምድ ዳር ላይ ባሉ ትንንሽ የውሃ ገንዳዎች ውስጥ ያስቀምጡት ነበር። ከፍ ሲል የኮራል ጠጠሮችን በክብ እየደረደሩ የከዋክብቱን መውጫና መጥለቂያ አስጠኑት። የቆሎ ተማሪ ከየኔታ አፍ እንደሚቀበለው ሁሉ፣ ማውም የተማረው በቃል ነው፤ ብራናም ወረቀትም የለበትም።

ነገሩ እንዲህ ይሠራል። አንድ ኮከብ ሁልጊዜ ከአድማሱ በአንድ ቦታ ይወጣል፣ በአንድ ቦታ ይጠልቃል። ያ ኮከብ ከፍ ብሎ አቅጣጫ ማሳየቱን ሲያቆም፣ ሌላው ከዚያው ቦታ ይተካዋል። ወደ ደቡብ በሄዳችሁ ቁጥር የሰሜን ኮከብ ዝቅ እያለ ሄዶ ከምድር ወገብ ወዲያ ይሰወራል፤ ስለዚህ ምን ያህል እንደሄዳችሁ ሰማዩ ራሱ ይነግራችኋል። ታንኳዋ የተሰየመችበት ሆኩሌአ የሚባለው ኮከብ በሃዋይ ላይ ልክ በአናት የሚያልፍ ነው። እኛም እናየዋለን፦ በግንቦት መጨረሻ፣ ሰማዩ ጠርቶ ካደረ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ አዲስ አበባ ላይ ሆናችሁ ቀና ብትሉ፣ ከአናታችሁ ጥቂት ወደ ሰሜን ያዘነበለ ብርቱካንማ ደማቅ ኮከብ ታያላችሁ። እሱ ነው።

ሰማዩ በደመና ሲዘጋ ደግሞ ማዕበል አለ። ከሩቅ የሚነሳ ማዕበል ያነሳው ነፋስ ከሞተ በኋላም ለቀናት አቅጣጫውን ሳይለቅ ይጓዛል። ማው ከታንኳዋ ቀፎ ውስጥ ጋደም ብሎ፣ የሚገፋቸው ሞገድ ከየት እንደሚመጣ በጀርባው ይለያል ይባልለታል። ሁለት ሦስት ሞገድ ተቀላቅሎ ሲያናውጥ አንዱን ከአንዱ መለየት ነው ትልቁ ችሎታ።

አስቸጋሪው ነገር ታሂቲ ከሃዋይ በስተምሥራቅ ትንሽ ፈቀቅ ማለቷ ነው። ነፋሱ ደግሞ ከምሥራቅ ነው የሚነፍሰው፤ ካልተጠነቀቁ ወደ ምዕራብ ገፍቷቸው ደሴቲቱን ያሳልፋቸዋል። ስለዚህ ነፋሱን እየተፋለሙ ወደ ምሥራቅ መጠጋት አለባቸው። መድረሻቸውም አንዲት ነጥብ አይደለችም፤ ከታሂቲ ፊት የቱዋሞቱ ዝቅተኛ ደሴቶች እንደ አጥር ተዘርግተዋል። ከነሱ አንዷን ካገኙ ያሉበትን ያውቃሉ። ከፍ ብለው ባይታዩም ወፎች አሉ፦ ማታ ማታ ወደ የብስ የሚመለሱ ነጫጭ ወፎች ደሴት ከዓይን ርቃ ሳለ መኖሯን ያወራሉ።

ወር ካለፈ በኋላ ማታይቫ የምትባል ደሴት ታየች፤ ማው ከዚያ በፊት በዚያ ውሃ ላይ ሄዶ አያውቅም ነበር። ጁን 4 ቀን ፓፔቴ ወደብ ሲገቡ 17,000 ያህል ሰው ወጥቶ ጠበቃቸው። ሕፃናቱ ተረባርበው ከታንኳዋ ላይ ሲወጡ የኋላ ጫፏ ውሃ ውስጥ ጠለቀ። እነዚያ ልጆች ለማየት የመጡት የራሳቸውን አያቶች ነበር።

ደስታው ግን እንዲሁ አልቀጠለም። ጉዞው ላይ በተሳፋሪዎቹ መካከል ጠብ ተነስቶ ማው አዝኖ ወደ ሀገሩ ተመለሰ፤ በመልሱ ጉዞም አልመራም። በ1978 ታንኳዋ እንደገና ወደ ታሂቲ ስትነሳ በሃዋይ ደሴቶች መካከል በሌሊት ተገለበጠች። ኤዲ አይካው የሚባል ታዋቂ የባሕር ነፍስ አዳኝ ባልደረቦቹን ለመታደግ በማዕበል መንሸራተቻ ሰሌዳው ላይ ሆኖ ወደ የብስ እየቀዘፈ ሄደ። ሌሎቹ ዳኑ፤ እሱ ግን አልተመለሰም።

ከዚህ በኋላ ነው ናይኖአ ቶምሰን የሚባል ወጣት ሃዋያዊ ማውን ፈልጎ እንዲያስተምረው የለመነው። ማው መጣ። ይህን ስናስብ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ፤ በሳታዋል ወግ ጥበቡ ከቤተሰብ አይወጣም ነበር። ለባዕድ ማስተማሩ በገዛ ወገኖቹ አስነቅፎታል። እሱ ግን የሳታዋል ወጣቶች መማር እየተዉ መሆኑን ያያል። እኔ ከዚህ ሰው ሕይወት የምወደው ይህን ውሳኔ ነው፦ የአባቶቹን አደራ ለማዳን የአባቶቹን ሥርዓት ሰበረ።

በ1980 ናይኖአ ራሱ መሪ ሆኖ ወደ ታሂቲ ተጓዘ። ማው አብሮ ተሳፍሮ በዝምታ ይከታተለው ነበር። ወደ ደሴቶቹ ሲቃረቡ አንድ ማለዳ ወፍ አዩ። ጠዋት ወፍ ከየብስ ወደ ባሕር ይወጣልና፣ ናይኖአ ወፏ ከመጣችበት በኩል ነው ደሴቱ ብሎ ታንኳዋን አዞረ። ያን ጊዜ ማው ተናገረ፦ መልሱ፣ ወፏን ተከተሉ አለ። ምክንያቱን በጊዜው አላስረዳም። ብዙም ሳይቆይ ደሴቱ ታየ። ኋላ እንደተረዱት ወፏ በመንቁሯ ዓሣ ይዛ ነበር፤ ጫጩቶች ያሏት እናት ስለሆነች ምግብ ይዛ ወደ ጎጆዋ እየተመለሰች ነው። ናይኖአ ከዋክብቱን አጥንቶ ነበር። ማው ግን የወፏን አፍ አይቷል። ትምህርትና ዕድሜ የሚለያዩት እዚህ ላይ ይመስለኛል።

በ2007 ሃዋያውያን ታንኳ ሠርተው፣ አሊንጋኖ ማይሱ ብለው፣ ሳታዋል ድረስ ወስደው ለማው ሰጡት። እሱም በደሴቱ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ተቋርጦ የነበረውን የመሪዎች የማዕረግ ሥርዓት አድርጎ ናይኖአንና ሌሎች ሃዋያውያንን ጭምር ሾመ። ማው በ2010 ዐረፈ። ሆኩሌአ በ2014 ዓለምን ልትዞር ወጥታ በ2015 በእኛው አህጉር ደቡብ ጫፍ፣ በኬፕታውን በኩል አለፈች፤ በ2017 ሃዋይ ገባች። የማው ልጅ ሰሳርዮ የአባቱን ታንኳ ይዞ በፓላው ኮሌጅ ውስጥ የከዋክብቱን መንገድ ያስተምራል፤ መመዝገብ የፈለገ ሁሉ ይማረዋል።