«ማጣሪያው አርጅቷል» ሲባል ምን እንጠይቅ?

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



ዩኒየኖች ምርታቸውን በጥሬው ከመሸጥ አልፈው ወደ ፋብሪካ ሥራ ሲገቡ የፍሳሽ ጉዳይ አብሮ ይመጣል። በአገራችን የሚታወቀውን ምሳሌ ላንሳ። በሐምሌ ወር 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተሠራው ፍሳሹን ወደ ውጭ ሳይለቅ አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀምበት ነው። የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ ወንዝ ስለሌለው የገባበት ጨው እዚያው ይጠራቀማል።

በእንዲህ ዓይነት ጣቢያ ዋናውን ሥራ የሚሠራው ሪቨርስ ኦስሞሲስ የተባለው ማጣሪያ ነው። ሜምብሬን የሚባል ስስ ሽፋን እንደ ጣቃ ጨርቅ ተጠቅልሎ በረዣዥም ቱቦዎች ውስጥ ይደረደራል። ፍሳሹ በከፍተኛ ግፊት ሲገፋ ንጹሑ ውኃ ያልፋል፣ ጨውና ቀለሙ ይቀራል። ዕቃው በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው፤ ዕድሜውም ጥቂት ዓመታት ነው።

እንግዲህ ፋብሪካ ያለው ዩኒየን አንድ ቀን «ሜምብሬኑ አርጅቷል፣ አዲስ ይገዛ» የሚል ሐሳብ ለጠቅላላ ጉባኤው ይቀርብለታል። ገንዘቡ የአባላት ነው። ጣቢያው ቢበላሽ ደግሞ ፍሳሹ የሚሄደው ከብቶቻችሁ ወደሚጠጡበት ወንዝ ነው። ስለዚህ እጅ ከማውጣታችሁ በፊት ጠይቁ።

መጀመሪያ የሥራው መዝገብ ይምጣ በሉ። ግፊቱ፣ የውኃው ሙቀት፣ የተጣራው ውኃ መጠንና ጨዋማነቱ በየዕለቱ መመዝገብ አለበት። ውኃ በአንድ ዲግሪ በቀዘቀዘ ቁጥር የሚያልፈው መጠን በ3 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ ውኃው ቀዝቅዞ ምርት ቢያንስ ሜምብሬኑን መውቀስ አይገባም። ይህ ሁሉ ተሰልቶ ከ10 እስከ 15 በመቶ ቅናሽ ከታየ ጊዜው የማጠቢያ እንጂ የመጣያ አይደለም።

ቀጥሎ ጉዳቱ የቱ ጋ ነው? ከፊት ያለው ጥቅል ከተደፈነ፣ ከእርሱ በፊት ያለው የአሸዋ ማጣሪያ ደለሉንና ተሕዋስያኑን አሳልፏል ማለት ነው። መጨረሻ ያለው ከሆነ፣ በማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደምናየው ነጭ ቅርፊት ጨው ረግቶበታል። ቅርፊቱ በአሲድ ይታጠባል፤ የፊተኛው በአብዛኛው አልካላይን ይፈልጋል። ጨው በድንገት ማለፍ ከጀመረ ደግሞ ጥፋቱ ጎሚኒ የምንለው የጎማ ቀለበት ሊሆን ይችላል። ለአንዲት ጎሚኒ ብሎ ሙሉ ጣቢያ መለወጥ!

መታጠብ የማያድነው የክሎሪን ጉዳት ነው። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ፖሊያማይድ ሜምብሬን ክሎሪንን አይችልም። በክሎሪን የተበላው አይመለስምና መለወጡ ግድ ነው። ነገር ግን ክሎሪኑን የሚያመክነውን ኬሚካል የሚጨምረው ፓምፕ ሳይጠገን አዲሱ ቢገባ፣ አዲሱም ይበላል። ያን ጊዜ ሁለት ጊዜ ከፍላችኋል።

ስለዚህ ከግዥው በፊት አንድ ከፊት፣ አንድ ከኋላ አሮጌ ጥቅል ወጥቶ ተቀዶ ይታይ። አንዳንድ አቅራቢ ጊዜ ማባከን ነው ይላችሁ ይሆናል፤ እኔ ግን ከብዙ ገጽ ሪፖርት ይልቅ በዚህ አምናለሁ።

ለቁጥጥር ለምትመጡ የሥራ ኃላፊዎችም አንድ ነገር ልጨምር። ማጣሪያ ጨውን ይለያል እንጂ አያጠፋም። የተጣራውን ውኃ በብርጭቆ ሲያሳዩአችሁ ተመልከቱና፣ የቀረው ጨዋማ ውኃ የሚገባበትን ደግሞ በእግራችሁ ሄዳችሁ እዩ።