ባቄላን ከገብስ፣ አደንጓሬን ከበቆሎ

በራዲዮ የሰማችሁትን ንግግር አሁን በጽሑፍ ይዛችኋል። ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ያስቸገራችሁ ቃል ካለ ጐረቤታችሁን ጠይቁ።

የዛሬው ጉዳያችን እህልን ከጥራጥሬ ጋር አሰባጥሮ መዝራት ነው። ይህም በአንድ መሬት ላይ፣ በአንድ ክረምት፣ ሁለት ዓይነት ሰብል ማብቀል ማለት ነው።

እናንተ የጉለሌ ሰዎች መሬታችሁ ጠባብ ነው። ብዙዎቻችሁ ያለቻችሁ የጓሮ መሬት ብቻ ናት። በዚያች ላይ በቆሎ ትዘራላችሁ። ልጆች እሸቱን ጠብሰው ይበሉታል፤ አለቀ። ለንፍሮና ለወጥ የሚሆነው ጥራጥሬ ግን ከገበያ ይገዛል። ሰፈሩ ሽሮ ሜዳ ቢባልም ሽሮው ከሜዳ አይታፈስም!

በበቆሎው መካከል አደንጓሬ ሊበቅል ይችላል። የጎጃም ገበሬ ይህን ከድሮ ጀምሮ ያውቀዋል። የበቆሎው አገዳ ለአደንጓሬው ሐረግ ድጋፍ ይሆነዋል፤ ሌላ እንጨት መትከል አያሻም። ግን ልብ በሉ፤ ሁለቱን በአንድ ቀን አትዝሩ። ሐረጉ ቶሎ ይመዘዝና ጨቅላውን በቆሎ ጠምጥሞ ያጐብጠዋል። በቆሎው ጉልበት ሲደርስ፣ በኩትኳቶ ጊዜ፣ አደንጓሬውን ከአጠገቡ ዝሩ። በበቆሎው መስመሮች መካከል አንድ ክንድ ተኩል ያህል ይተው።

ከእንጦጦ ማዶ፣ በብርዳሙ ደጋ ደግሞ ገብስና ባቄላ አለ። የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ሁለቱን ቀላቅሎ ዘርቶ ሞክሯል። ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2006 ታትሟል። ባቄላው ሲበዛ የገብሱ ምርት ቀንሷል፤ ይህን መደበቅ አይገባም። ነገር ግን ሁለቱ ተደምረው ሲታዩ፣ ያው መሬት ለየብቻ ከተዘራው የበለጠ ሰጥቷል።

ምክንያቱ ምንድን ነው? ሰብል ሁሉ ናይትሮጅን የሚባል ምግብ ይፈልጋል። ከምንተነፍሰው አየር ከመቶው 78ቱ እጅ ናይትሮጅን ነው። ገብስ ግን ከአየር መውሰድ አይችልም። ባቄላ በሥሩ ላይ በሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን አማካይነት ይወስዳል። ስለዚህ በአፈሩ ውስጥ ያለውን ከገብሱ ጋር ብዙ አይሻማም።

አላምንም የሚል ይሞክረው። ባቄላው ሲያብብ አንዱን ተክል ቆፍራችሁ አውጡ። በሥሩ ላይ ትናንሽ እባጮች ታያላችሁ። አንዱን በጥፍር ፈልጡት። ውስጡ ቀላ ያለ ከሆነ ሥራውን እየሠራ ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ሥራ ፈት ነው።

በአጨዳ ጊዜ ባቄላውን ከነሥሩ አትንቀሉት፤ በማጭድ እጨዱት። ሥሩ በመሬት ውስጥ ሲበሰብስ ለሚመጣው ዓመት እህል ምግብ ይሆናል። ፍግ ቢኖርማ መልካም ነበር። ነገር ግን ኩበቱ ምጣድ ሥር ይነዳል፤ ማገዶ ከጠፋ ምን ይደረግ! እንግዲህ መሬቱ ፍጉን ካጣ፣ ሥሩንስ ለምን ይጣ?

አሁን ደብተርና እርሳስ አንሡ። ጓሮውን ለሁለት ክፈሉት። በአንደኛው በቆሎ ብቻ፣ በሁለተኛው በቆሎና አደንጓሬ ዝሩ። የዘራችሁበትን ቀን ጻፉ። ስንት ጣሳ ዘር እንደ ዘራችሁ ጻፉ። ምርቱ ሲገባም ከእያንዳንዱ ስንት ጣሳ እንደ ተገኘ ጻፉና አስተያዩት።