የውሃ ተራ



ንብረት ሲባል ብዙ ጊዜ ትዝ የሚለን በአጥር የታጠረ ነገር ነው። በመዠንግር ጥቅጥቅ ደን ውስጥ ግን ቀፎ የተሰቀለበት ዛፍ አጥር ሳይኖረው ባለቤቱ ይታወቃል። በጎጃሙ ቆጋም እንዲህ ያለ አጥር የሌለው ንብረት አለ።

ቆጋ በመራዊ አካባቢ አልፎ ግልገል ዓባይን የሚቀላቀል ወንዝ ነው። በወንዙ ላይ 7,000 ሄክታር ያህል መሬት እንዲያጠጣ የታሰበ ግድብ በመንግሥትና በአፍሪካ ልማት ባንክ ገንዘብ ተሠራ። ገበሬው ለማሳው የይዞታ ደብተር አለው፤ የባልም የሚስትም ስም የሰፈረበት። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሠረት መሬቱን ባይሸጠውም ያርሰዋል፣ ይጠቀምበታል። ለውሃው ግን ደብተር የለውም፤ ያለው ተራ ብቻ ነው።

ተራ ንብረት ነው? አዎ፣ ነው። የላይኛው ገበሬ ያለ ተራው ቦይ ሲከፍት፣ የታችኛው ድንችና ስንዴ ይደርቃል። በሬ ሲሰረቅ አገር ይጮኻል፤ ተራ በሌሊት ሲሰረቅ ግን ብዙ ጊዜ በዝምታ ይታለፋል። አባቶቻችን በባህላዊው መስኖ የውሃ አባት የሚመርጡት ለዚህ ነው፤ ተራ ያስከብራል፣ ቦይ ያስጠርጋል፣ ጠብ ያበርዳል።

እናንተ በመስኖ የምታለሙ ወገኖቼ፣ ዛሬ ቦዩን ስትከፍቱ ከታች ያለውን ጎረቤታችሁን አስቡ። ተራውን ያከበረለት ሰው ንብረቱን ጠበቀለት ማለት ነው።