52 በመቶው አንድ ሰው አይደለም

ሴት አቅራቢ፦ እ.ኤ.አ. በ2016 ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት እንድትወጣ የመረጡትን 52 በመቶዎቹን ሁሉ «ስደተኛ ጠል» ብሎ መገላገል ይቀላል።

ወንድ አቅራቢ፦ አልነበሩማ ልትዪኝ ነው?

ሴት አቅራቢ፦ እንደዚያ ያሉም ነበሩ፤ አልክድም። ግን እስቲ ግሪምስቢን እይ። በዚያ አካባቢ ከ10 መራጭ 7ቱ ያህል «እንውጣ» አለ። የድሮ ዓሣ አጥማጆች ከተማ ናት። ብዙዎቹ «ጀልባችንን ያሳጣን የኅብረቱ የዓሣ ኮታ ነው» ይላሉ።

ወንድ አቅራቢ፦ ቆይ፣ ቆይ! እ.ኤ.አ. በ1976 የዓሣውን ውሃ የዘጋችባቸው እኮ አይስላንድ ናት።

ሴት አቅራቢ፦ እውነትህን ነው። ግን ሰው ድምፅ ሊሰጥ ሲገባ የታሪክ መዝገብ ይዞ አይገባም። ደግሞ በብሪታንያ ያሉትን የባንግላዴሽ ተወላጅ የምግብ ቤት ባለቤቶች ጨምርበት። አንዳንዶቹ «የአውሮፓ ሠራተኛ ከቀነሰ፣ ለእኛ ከሀገር ቤት ምግብ አብሳይ ማስመጣት ይቀልልናል» ብለው ነው የመረጡት።

ወንድ አቅራቢ፦ እንዴ! ስደተኛ ለማስመጣት?

ሴት አቅራቢ፦ አዎን! በኋላ «ተታለልን» ያሉም አሉ።

ወንድ አቅራቢ፦ እኔ ግን አሁንም ተሳስተዋል ባይ ነኝ።

ሴት አቅራቢ፦ እኔም። ግን የግሪምስቢው ዓሣ አጥማጅና የምግብ ቤቱ ባለቤት የተሳሳቱት በየራሳቸው ምክንያት ነው። አድማጮቻችን፣ እናንተስ በተቃራኒው የመረጠ ዘመዳችሁን ለምን እንደሆነ ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ? መስመሩ ክፍት ነው።